የሐሙስ አፈር

ሐሙስ ነው። ሂርማታ ዝናቡ ሲያባራ፣
አደ ሩቂያ አለች ከሸክላ ሠሪዎች ተራ፤
ባለሦስት እግሩን በርጩማዋን ተክላ፣
አፈር ትሸጣለች በኮባ ጠቅልላ።
ገንቦ አይደለም፣ ድስትም፤ ለእሳት አልተባለም፣
የሚነከስ እንጂ የሚጣድ አይደለም።
ከቦዬ ረግረግ ዳር የተቆፈረ፣
በመዳፍ ተድቦልቡሎ ጭስ ላይ ያደረ።
እንቁላል የሚያህል አንዱን አንሥታ
"አሽትቺው" ትላለች ፊቴ አስጠግታ፤
"ምርጊቱን በበጋ ዝናብ ሲመታ
እንዲህ ነው።"
                እውነቷን ነው።

ለአምሮት ነው ገበያው፣ ለጧት ማቅለሽለሽ።
"አንቺም አንድ ቀን ትመጪያለሽ"
ትለኛለች፣ በቦርሳዬ አፍ ጋዋኔን እያየች።

እኔ ግን ሥራዬ መቁጠር ነው። መስተዋት ላይ
ጠብታ አሳርፌ በአጉሊ መነጽር ሳይ፣
የሰው ደም፣ የሰው ዓይነ ምድር፣
ጧት በቁጥር፣ ማታም በቁጥር።

ባለፈው ዓርብ ዘኪያ መጣች፣ የወንድሜ ሚስት፤
ሰባተኛ ወሯ ነው፤ ለአራት ደረጃ ሦስት ጊዜ ዕረፍት።
የዓይኗን ቆብ ወደ ታች ገለበጥኩት፤
ቀይ ፈልጌ ነበር፤ ነጭ አገኘሁት።
ሄሞግሎቢን፦ ሰባት። ማሽኑን ጠረግሁት።
ደግሜ ለካሁ።
ሰባት።
ሰገራዋም ላይ የወስፋት እንቁላል፣
ዳሩ ሻካራ፣ ቡናማ፤ መቁጠር ያታክታል።

"ምን በላሽ?" አልኳት።
የሻርፗን ጫፍ ፈታች።
የጥርሷ ቅርጽ ታትሞ፣ ግማሹ ጎድሏል።
"ቁርጠቱን እኮ ይይዝልኛል።"

ይይዛል። ምን ብዬ ልዋሻት?
ሸክላ ጠጪ ነው፤ ሆድ ሲታወክ ሌሊት
ውኃውን ይመጥጣል፣ መርዙን ያጣብቃል፣
የተላጠ አንጀት እንደ ቅባት ይለብጣል።
ፋርማሲም ወንድሙ አለ፣ ታጥቦ፣ ነጥሮ፣ ተመዝኖ፣
በላስቲክ ታሽጎ፣ ባለ ወረቀት ሆኖ።

"ግን ዳኛ አይደለም አፈር፣" አልኳት፣ "ደግ ከክፉ አይለይም፤
መርዝ ባሰረበት ገመድ ብረቱን አይምርም።
የምስሩን፣ የጎመኑን፣ የሰጠሁሽን ክኒን
ጠልፎት ያልፋል፤ ባዶ እጁን ይተወዋል ጽንስሽን።
ደግሞስ ማን ዐየለት የተቆፈረበትን?
ከብት የወረደበትን፣ ልጅ የተቀመጠበትን፣
ከላይ ካለው ጋራዥ የባትሪ ውኃ የፈሰሰበትን?
እርሳስ እኮ አይሸትም፣ ዘኪያ። እርሳስ ዝም ነው።"

እሷም ዝም አለች። ቆይታ፣
"እናትሽስ?" አለች።

እናቴ።
"አፈር ስሆን" ነበር ስታጎርሰኝ ቃሏ፤
"አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።"
ራሷ ግን ከትራሷ ሥር፣ በብጣሽ ሻሽ ጠቅልላ፣
እኛ የተኛን ሲመስላት ቀርጠፍ ታደርጋለች፤
በጨለማ፣ ጥርስ መካከል፣ አፈር ሲሰበር
ምን እንደሚል አውቃለሁ።
ታናሼን ስትወልድ ደም ፈሰሳት፤
የምታፈሰው ቀርቶ የምትቆምበትም አልነበራት።
"አፈሩ ይቅለላት" አሉ ጎረቤቶች።
ማንንም አላረምኩም።

እና ዛሬ አደ ሩቂያን ልጣላት ነበር አመጣጤ።
እጇን ዐየሁ፤ ጥፍሯ ሥር ግራጫ፤
ከበርጩማው ሥር የልጅ ልጇ፣ ደብተር በጭኑ፣
ድቡልቡሉን አንድ፣ ሁለት፣ እያለ ይማራል።
ጠቡ አፌ ላይ ሟሟ።
"ለእርጉዝ አትሽጪ" አልኳት።
"ታዲያ ለማን ልሽጥ?"
"ቢያንስ እንደ ሽምብራ ቁይው። ከጋራዡ በላይ ቆፍሪ።
ክኒን ከዋጡበት ሰዓት ይራቅ፤ ይህንን ንገሪ።"
"እሺ" አለች፣ እሺ እንደሚባለው፤
አንዱን በኮባ ጠቅልላ "ምርቃት" ብላ አስያዘችኝ።

ነገ ዘኪያ ትመለሳለች። ቁጥሩ ምን እንደሚል አላውቅም።

ባጃጁ ውስጥ ዝናቡ እንደገና ጀመረ።
አዌቱ ደፍርሷል። ኪሴ ውስጥ ሸተተኝ፤
ያ ግድግዳ፣ ያ ምርጊት፣ ያቺ ሌሊት።
ምራቄ ሞላ።
ሥራዬ መቁጠር ነው። ቀኖቼን ቆጠርኩ።
ድልድዩ ላይ ስንደርስ
ደግሜ ቆጠርኩ።